የሰንሰለቱ ሥራና የገጣጣሚው ቤት

ይህ ገጽ ዘወትር ስለ ቤት አያያዝ፣ ስለ ልጆች አስተዳደግና ስለ ባልና ሚስት ኑሮ የሚነገርበት ስለ ሆነ፣ ዛሬ ስለ ፋብሪካ ሥራ መጻፋችንን አይቶ «ይህስ የነጋዴዎችና የመሐንዲሶች ጉዳይ አይደለምን?» የሚለን አይጠፋ ይሆናል። ዳሩ ግን የፋብሪካ በርና የቤት በር ፊት ለፊት የሚተያዩ መሆናቸውን የተረዳነው ከአንዲት ሴት ደብዳቤ ነው። ይኸውም በኤውሮፓ አቆጣጠር በ1914 ዓ.ም. በጃንዋሪ ወር፣ በአሜሪካ አገር በዲትሮይት አጠገብ ከሚገኘው የኦቶሞቢል ፋብሪካ የሚሠራ የአንድ ገጣጣሚ ሠራተኛ ሚስት የባሏ ጌታ ለሆኑት ለሚስተር ሄንሪ ፎርድ የላከችው ደብዳቤ ነው። ስሟን አልጻፈችበትም። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸውም ዓመታት ሁሉ እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ያስተውልልን።

ሴትዮዋ የምትለው አጭር ነገር ነው። ባሏ ከሥራው ሲመለስ ራሱን ጥሎ ይወድቃል፤ ከድካሙ ብዛት የተነሣ የቀረበለትን ራት አይበላም። ፋብሪካው ያቆመው የሰንሰለት አሠራር ሰውን እንደ ባሪያ የሚነዳ ነው ስትል ታማርራለች፤ ይህ ነገር የሚሻሻልበት መንገድ የለምን? እያለችም ትለምናለች። በስድብ አልጻፈችም፤ ጌታውንም ክፉ ሰው ናቸው አላለችም። የምታውቀውን፣ ይኸውም ሳይነካ የቀረውን የራት ሰሐን ብቻ ነገረቻቸው።

ይህ ሰንሰለት ምን እንደ ሆነ ለመረዳት ከእርሱ በፊት የነበረውን አሠራር ማወቅ ያስፈልጋል። የፎርድ ኩባንያ በ1903 ዓ.ም. በተቋቋመ ጊዜ፣ በ1908 ዓ.ም. ደግሞ ሞዴል ቲ የተባለውን ስመ ጥር ኦቶሞቢል ባወጣ ጊዜ፣ ኦቶሞቢል የሚገጣጠመው ቤት እንደሚሠራው ነበር። ሻንሲው አንድ ስፍራ ይቆማል፤ ሠራተኞቹም ዕቃውን እያመጡ በዙሪያው ይሠራሉ። ከእነርሱ ብዙዎቹ ብረቱ አልገጥም ሲል ሞርደው የሚያስገቡ፣ የጎበጠውን በዓይናቸው ለይተው የሚያቃኑ እጀ ብልሆች ነበሩ። እንዲህ ያለው ሰው ሥራውን የተማረው በዓመታት ስለ ሆነ፣ ጌታው በትንሽ ነገር ሊያስቀይመው አይደፍርም ነበር።

በ1910 ዓ.ም. ኩባንያው ሃይላንድ ፓርክ ወደሚባለው አዲስ ፋብሪካ ተዛወረ። በዚያም በ1913 ዓ.ም. በኤፕሪል ወር መጀመሪያ አንድ ሙከራ ተደረገ። ሙከራው የተጀመረው በሙሉ ኦቶሞቢል ላይ ሳይሆን ማግኔቶ በሚባለው፣ ለሞተሩ የእሳት ብልጭታ በሚሰጠው ዕቃ ላይ ነበር። ከሞተሩ ጋራ በሚሽከረከረው ከባድ የብረት ክብ ላይ 16 ማግኔቶች ዙሪያውን በብሎን ይታሰራሉ። ቀድሞ አንድ ሠራተኛ በጠረጴዛው ፊት ሆኖ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ብቻውን ይሠራው ነበርና አንዱን ለመጨረስ 20 ደቂቃ ያህል ይፈጅበት ነበር። በዚያ ቀን ግን 29 ሰዎች በአንድ ረጅም መደብ አጠገብ ተሰልፈው ቆሙ። ለእያንዳንዱም አንዲት ነገር ብቻ ተሰጠው፤ አንዱ ማግኔቱን ያስቀምጣል፤ ሁለተኛው ብሎን ያስገባል፤ ሦስተኛው ያጠብቃል። ሥራውንም እየገፋ ለጎረቤቱ ያስተላልፋል። ያን ጊዜ የሁሉም ድካም ተደምሮ ሲቈጠር ለአንዱ ማግኔቶ የሚያስፈልገው ጊዜ 13 ደቂቃ ከ10 ሴኮንድ ሆነ።

ከዚህ በኋላ የሆነውን አንባቢ በጥንቃቄ እንዲመለከትልን እንወዳለን። ሠራተኞቹ ቀኑን ሙሉ ሲያጎነብሱ ወገባቸውን ያማቸው ነበርና መደቡን አንድ ስንዝር ያህል ከፍ አደረጉላቸው። በዚህች ስንዝር ምክንያት 13ቱ ደቂቃ ወደ 7 ወረደ። ቀጥሎም አንዱ ሠራተኛ ይፈጥናል፣ ሌላው ይዘገያል፤ ስለዚህ መደቡ ራሱ በሰንሰለት እየተሳበ እንዲሄድ ተደረገ፤ ጊዜውም ወደ 5 ደቂቃ ወረደ። የመጀመሪያው ለውጥ ለሠራተኛው ወገብ ዕረፍት ነበረ፤ ሁለተኛው ግን የሥራውን ፍጥነት ከሠራተኛው እጅ ወስዶ ለሰንሰለቱ የሰጠ ነው። እኛ እንደሚመስለን የሴትዮዋ ልቅሶ የሚጀምረው ከዚህ ላይ ነው። ሰው የራሱን ዕርሻ ሲያርስ ቢደክመው በሬውን አቁሞ ላቡን ይጠርጋል፤ በሰንሰለት ፊት የቆመ ሰው ግን ላቡን ለመጥረግ እንኳ ሰንሰለቱ ይፈቅድለት ዘንድ ያስፈልጋል።

ይህ አሳብ ከየት መጣ? ለሚል፣ ከምንጮቹ አንዱ የከብት ማረጃ መሆኑን ብንነግረው ሳይደነቅ አይቀርም። ዊልያም ክላን የሚባለው ከፋብሪካው ሰዎች አንዱ በቺካጎ ከተማ የስዊፍትን ኩባንያ ቄራ ጎብኝቶ ነበር። በዚያም የታረደው ከብት በላይ በኩል ተንጠልጥሎ በተሰለፉት ሥጋ ቈራጮች ፊት ሲያልፍ፣ እያንዳንዱም የተመደበለትን ብልት ብቻ ሲያወጣ አየ። ከብት እንዲህ ተበታትኖ የሚያልቅ ከሆነ ኦቶሞቢልም እንዲሁ ተገጣጥሞ ሊወጣ ይችላል ሲል አሰበ። በአገራችን ቅርጫ የገባ ሰው ብልት ማውጣት ምን ያህል ዕውቀት እንደሚጠይቅ ያውቃል፤ ዐዋቂው ተፈልጎ ይጠራል፤ ይከበራልም። በቺካጎ ግን አንዲት ብልት ብቻ የሚያወጣውን ሰው ማንም ሊተካው ይችላል።

በማግኔቶ የተጀመረው ነገር በዚያው ዓመት ወደ ሻንሲው ተላለፈ። አንድ ሻንሲ ቁሞ ሲገጣጠም 12 ሰዓት ተኩል ያህል የሰው ድካም ይወስድ ነበር። በገመድ እየተጎተተ ሠራተኞቹ ከጎኑ እየተከተሉ በሠሩት ጊዜ ወደ 6 ሰዓት ገደማ ወረደ። በ1914 ዓ.ም. መንገዱ በሰንሰለት ሲሠራና ሥራው ከፊት ይልቅ ሲከፋፈል 93 ደቂቃ ሆነ። የኦቶሞቢሉም ዋጋ በየጊዜው እየረከሰ ሄደ። በ1908 ዓ.ም. 850 ዶላር የነበረው በ1920ዎቹ አጋማሽ ከ300 ዶላር በታች ወርዶ፣ ቀድሞ የባለጠጎች መጫወቻ የነበረው ነገር የገበሬና የሠራተኛ ንብረት ሆነ። ይህን መልካም ነገር አለመጥቀስ አድልዎ ይሆናል።

አሁን እንግዲህ ወደዚህ ፋብሪካ አዲስ የሚገባውን ጀማሪ ገጣጣሚ እናስበው። አለቃው ወስዶ ከአንድ ስፍራ ያቆመዋል፤ የሚሠራውንም ሁለት ሦስት ጊዜ ሠርቶ ያሳየዋል። ሚስተር ፎርድ በ1922 ዓ.ም. ባሳተሙት መጽሐፍ እንደ ገለጹት፣ ብሎኑን የሚያስገባው ሰው ዳዶውን አያስገባም፤ ዳዶውን የሚያስገባውም አያጠብቀውም። በዚያው መጽሐፍ እንደ ተመዘገበው በፋብሪካው ካሉት ሥራዎች ከመቶ 43ቱ ከአንድ ቀን የበለጠ ትምህርት የማይጠይቁ ናቸው፤ ከመቶ 36ቱ ደግሞ ከአንድ ቀን እስከ አንድ ሳምንት ይበቃቸዋል። ከአንድ ዓመት በላይ ትምህርት የሚሹት ከመቶ አንዱ ብቻ ናቸው። ከዚህም የተነሣ ከሌላ ሥራ የተከለከሉ ብዙ ሰዎች እንጀራ አገኙ። መጽሐፉ በዚያ ፋብሪካ አንድ እግር ብቻ ያለው ሰው ሊሠራቸው የሚችል 2,637 ሥራዎች፣ ዕውር ሊሠራቸው የሚችል 10 ሥራዎች መኖራቸውን ይቈጥራል። አካሉ የጎደለ ሰው በልመና ፈንታ በደመወዝ መኖሩ ምስጋና የሚገባው ነገር ነው።

ነገር ግን ለመማር ቀላል የሆነ ሥራ ለመሥራትም ቀላል ነው ብሎ ማሰብ ትልቅ ስሕተት ነው። እንዲያውም ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። ሥራው በአንድ ቀን የሚያልቅ ትምህርት በመሆኑ፣ ከሁለተኛው ቀን ጀምሮ ለአእምሮ የሚቀርብለት ምግብ የለም፤ እጅ ግን አያርፍም። ዓይን ከዕቃው ላይ እንዳይነሣ ይጠበቃል፤ ልብ ግን የሚያደርገው አጥቶ ይባዝናል። ሚስተር ፎርድ ራሳቸው አንድን ነገር ሁልጊዜ በአንድ ዓይነት መንገድ እየደጋገሙ መሥራት የሚያስፈራቸው መሆኑን፣ እርሳቸውም ቢሆኑ እንዲህ ያለውን ሥራ ቀን ተቀን ለመሥራት የማይችሉ መሆናቸውን ከዚያው መጽሐፋቸው ላይ ሳይሸሽጉ ጽፈዋል። ይሁን እንጂ አብዛኛው ሰው እንዲህ ያለውን ሥራ የሚወድ ነው ሲሉ ያምኑ ነበር።

አብዛኛው ሰው ይወደው እንደ ሆነ የ1913 ዓ.ም. መዝገብ ይመሰክራል። በዚያ ዓመት ከፋብሪካው የሚወጣውና የሚገባው ሠራተኛ ከመቶ 370 ደረሰ። ይህም ማለት 100 የሥራ ስፍራዎች ሁልጊዜ እንደ ሞሉ እንዲቆዩ በዓመቱ ውስጥ 370 ሰዎች መቀጠር ነበረባቸው ማለት ነው። 14,000 ያህል ሠራተኞች ለማቆየት ከ50,000 በላይ ሰው ተቀጠረ። ሰዎቹ አላመፁም፤ አልጮኹም፤ ኮታቸውን አንሥተው በዝምታ ሄዱ።

ይህ ነገር የሩቅ አገርና የጥንት ዘመን ወሬ ብቻ አይምሰለን። በአገራችንም በሐዋሳ ከተማ በ2016 ዓ.ም. ታላቅ የኢንዱስትሪ ፓርክ ተመርቆ፣ ከየገጠሩ የመጡ ብዙ ወጣቶች ሴቶች በልብስ ስፌት ሥራ ገብተውበታል። እዚያም ሸሚዝ የሚገጣጠመው እንደ ኦቶሞቢሉ ነው፤ ኮሌታ የምትሰፋዋ እጅጌ አትሰፋም፤ እጅጌ የምትሰፋዋም ቁልፍ አትተክልም። የኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ የስተርን የንግድ ትምህርት ቤት በ2019 ዓ.ም. ባወጣው ጥናት፣ በዚያ ጊዜ የጀማሪ ሠራተኛ መነሻ ደመወዝ በወር 26 ዶላር ያህል እንደ ነበረና ፋብሪካዎቹም በአማካይ በየ12 ወሩ ሠራተኞቻቸውን በሙሉ እንደሚተኩ ተገልጿል። ከዲትሮይቱ 370 ጋራ ሲነጻጸር ይህ አነስተኛ ነው ይባል ይሆናል፤ ቢሆንም ከዓመት በፊት የነበረችው ልጅ ዛሬ ከመቀመጫዋ አትገኝም ማለት ነው። ስለዚህ ልጃቸውን ወደ እንዲህ ያለ ሥራ የሚልኩ ወላጆች፣ ልጂቱ በሦስተኛው ወር «በቃኝ» ብላ ብትመለስ ሰነፍ ናት ብለው ከመቈጣታቸው በፊት ሥራው ምን እንደ ሆነ ቢጠይቋት መልካም ነው። «ቁጭ ብለሽ መስፋት ምን ያደክማል?» የሚለው አነጋገር ቀኑን ሙሉ አንድ ስፌት ብቻ ሰፍቶ ከማያውቅ ሰው አፍ የሚወጣ ነው።

ወደ ዲትሮይት እንመለስ። ኩባንያው ሰዎቹን የሚያቆይበት ብልሃት አስፈለገውና በ1914 ዓ.ም. ጃንዋሪ 5 ቀን መላውን ዓለም ያስደነቀ አዋጅ አስነገረ። እስከዚያ ቀን ድረስ ለ9 ሰዓት ሥራ 2 ዶላር ከ34 ሳንቲም ይከፈል የነበረው፣ ከእንግዲህ ለ8 ሰዓት ሥራ 5 ዶላር ይሆናል ተባለ። የሥራው ሰዓት ማጠሩም ለኩባንያው ጥቅም ነበረው፤ ቀድሞ በሁለት ተራ ይሠራ የነበረው ፋብሪካ በሦስት ተራ ሌሊትና ቀን ሳያቋርጥ ለመሥራት ቻለ። ወሬው በተሰማ በሳምንቱ ከ10,000 የሚበልጡ ሥራ ፈላጊዎች በብርዱ በፋብሪካው በር ላይ ተሰበሰቡ። በሩ አልከፈት ስላለ ግፊያና ሁከት ተነሣ፤ ያን ጊዜም የእሳት አደጋ ውሃ ተለቀቀባቸው። ውሃው በሚያቆረፍድ ብርድ ልብሳቸው ላይ ረጋ። ከመካከላቸው እንጀራ ፍለጋ ከሩቅ አገር በባቡር የመጡ ነበሩ።

የስም የለሿ ሴት ደብዳቤ የተጻፈው ይህ በሆነ በሁለተኛው ሳምንት ነው። ስለ 5 ዶላሩም ሳታነሣ አላለፈችም፤ ጌታው ከሚያስቡት በላይ ታላቅ በረከት መሆኑን መስክራለች። ነገር ግን ሠራተኞቹ ገንዘቡን በላባቸው በሚገባ የሚያገኙት መሆናቸውን አክላለች። ምስጋናውና ልቅሶው በአንድ ወረቀት ላይ መሆኑ ነው ልባችንን የነካው። ደመወዙም ድካሙም በአንድ ሰው ትከሻ ላይ ሆነው በአንድ በር ይገባሉ፤ የቤት እመቤት አንዱን ተቀብላ ሌላውን ከደጅ ለማስቀረት አትችልም።

ከደመወዙ ጋራ ግን ሌላ እንግዳም ወደ ቤት ገባ። 5ቱ ዶላር ሙሉ በሙሉ ደመወዝ አልነበረም፤ ግማሹ ያህል ከኩባንያው ትርፍ የሚሰጥ ድርሻ ሲሆን፣ ድርሻውን ለማግኘት ሠራተኛው ኑሮው የተስተካከለ መሆኑ መረጋገጥ ነበረበት። ለዚህም ልዩ መሥሪያ ቤት ተቋቁሞ መርማሪዎች በየሠራተኛው ቤት እየዞሩ ይጠይቁ ጀመር። በሕግ የተጋባችሁ ናችሁን? ባልሽ ይጠጣልን? በባንክ ያጠራቀማችሁት ምን ያህል ነው? ዕዳ አለባችሁን? ልጆቹ ትምህርት ቤት ይሄዳሉን? ቤቱ ንጹሕ ነውን? በስንት ክፍል ስንት ሰው ያድራል? መልሱ ሁሉ በወረቀት ይሰፍራል። ያልተገባ ሆኖ የተገኘ ሰው ድርሻው ይያዝበታል፤ እንዲታረምም ጊዜ ይሰጠዋል፤ ካልታረመ ይባረራል።

በእነዚህ ጥያቄዎች ውስጥ ደግነት የለም አንልም። ሰካራም ባል ያላት ሴት መርማሪው በመምጣቱ ደስ ብሏት ሊሆን ይችላል፤ በአንድ ክፍል ታጭቀው ይኖሩ የነበሩ ብዙ ቤተ ሰቦችም የተሻለ ቤት ተከራይተዋል። ዳሩ ግን መርማሪዎቹ ከሁሉ ይልቅ ከሚጠሉት ነገር አንዱ ደባል ማስገባት ነበር። በስደተኞቹ ቤት ደግሞ ደባል ማኖር፣ ለእርሱም መቀቀልና ልብሱን ማጠብ፣ የሚስቲቱ የራሷ ገቢ ነበር። ስለዚህ ባሏ አምስት ዶላር እንዲያገኝ እርስዋ የራሷን ሳንቲሞች እንድትተው ተጠየቀች ማለት ነው። በሥራችሁ ሰው የምታስተዳድሩ አንባቢዎቻችን፣ ለሠራተኛ የሚከፈለው ዋጋ የድካሙ ነው ወይስ የጠባዩም ጭምር? ብላችሁ ብትመረምሩት የማይጠቅም ጥያቄ አይሆንም። እኛ በበኩላችን ሰው በፋብሪካ 8 ሰዓት ለሌላ ሰው ከታዘዘ በኋላ በቤቱ ማድጋ ውስጥ ምን እንዳለ መናገር ያለበት አይመስለንም።

በዚያው በ1914 ዓ.ም. ከሠራተኞቹ ከመቶ 71ዱ በሌላ አገር የተወለዱ ስለ ነበሩ፣ የእንግሊዝኛ ትምህርት ቤት ተከፈተላቸው። ትምህርቱ የሚሰጠው ከሥራ ሰዓት ውጭ ነበር። በምረቃው በዓል መድረኩ ላይ አንድ ግዙፍ የጋን ቅርጽ ያቆሙና፣ ተመራቂዎቹ በአንድ በኩል የየአገራቸውን ልብስ ለብሰው ይገቡበታል፤ በሌላው በኩል አንድ ዓይነት የአሜሪካ ልብስ ለብሰው ባንዲራ ይዘው ይወጣሉ። አስተማሪዎቹም ጋኑን በረጃጅም ጭልፋዎች ያማስላሉ። ነገሩ ለተመልካች አስደሳች ሳይሆን አልቀረም፤ ለእኛ ግን የማግኔቶውን መደብ ነው ያስታወሰን።

የሆነው ሆኖ ብልሃቱ ሠራ። በ1915 ዓ.ም. የሠራተኛው መለዋወጥ ከመቶ 370 ወደ 16 ወረደ። ሰንሰለቱ አልተለወጠም፤ ሰዎቹ ግን ቆዩ። ታዲያ 5 ዶላሩ የምን ዋጋ ነበር? የብልሃት ዋጋ እንዳንለው ሥራው በአንድ ቀን የሚለመድ ነው። የትዕግሥት ዋጋ ነበር ብንል የተሳሳትን አይመስለንም፤ ትዕግሥቱም የባልየው ብቻ ሳይሆን የሚስቲቱም ነው። በዓለም ጦርነት ዓመታት የገበያው ዋጋ ሲወደድ የ5 ዶላሩ ኃይል ግማሽ ያህል ተመታ፤ በ1919 ዓ.ም. ወደ 6 ዶላር ከፍ ቢልም የቀድሞውን ያህል አልሆነም። የቤት መርማሪዎቹም መሥሪያ ቤት በ1920ዎቹ መጀመሪያ ላይ ቀረ። በ1926 ዓ.ም. ግን ኩባንያው በሳምንት 5 ቀን ብቻ እንዲሠራ ወሰነ፤ ሠራተኛው ከቤተ ሰቡ ጋራ የሚውልበት ሁለት ቀን ማግኘቱ ከገንዘቡ የማያንስ ስጦታ ነው እንላለን።

በኋላም ሥራው ሩዥ ወደሚባለው፣ ከቀድሞው እጅግ ወደሚበልጠው ፋብሪካ ሲዛወር፣ የሠራተኛው ኑሮ ይበልጥ ጠበቀ። በሥራ ላይ መነጋገር ክልክል ነበርና ሰዎቹ ከንፈራቸውን ሳያንቀሳቅሱ በጉሮሮአቸው መንሾካሾክን ተማሩ፤ ይህም «የፎርድ ሹክሹክታ» ተባለ። ቀኑን ሙሉ ፊቱን እንደ ድንጋይ አድርጎ የዋለ ባል ማታ ቤቱ ሲገባ ፊቱ ቶሎ የሚፈታ አይደለም፤ ልጆቹም አባታችን ተቈጥቶአል ብለው ጥጋቸውን ይይዛሉ። ሃይላንድ ፓርክን በ1923 ዓ.ም. የጎበኘው ቻርሊ ቻፕሊን በ1936 ዓ.ም. ባወጣው ሲኒማ ዳዶ ሲያጠብቅ የዋለ ሠራተኛ ከሥራው ከወጣ በኋላም እጁ ማጠበቁን አልተው ሲለው አሳይቶ ዓለምን አሥቆአል። ሣቁ ደስ ይላል፤ ግን በቤቱ እንዲህ ያለ እጅ ያየች ሴት እንደ ሌላው ተመልካች የምትሥቅ አይመስለንም።

ሠራተኞቹም ማኅበር ለማቆም ተነሡ። በ1937 ዓ.ም. በሜይ ወር ወረቀት ሊያድሉ የመጡት የማኅበሩ ሰዎች በፋብሪካው በር አጠገብ ባለው ድልድይ ላይ በኩባንያው ዘበኞች ተደበደቡ፤ ወረቀት ሊያድሉ ከመጡት ሴቶችም ግፊያና ዱላ የቀመሱ ነበሩ። በ1941 ዓ.ም. በኤፕሪል ወር ታላቁ ፋብሪካ በሥራ ማቆም ተዘጋ። ሚስተር ፎርድ በዚያ ጊዜ የ77 ዓመት ሽማግሌ ነበሩ። ከሠራተኞች ማኅበር ጋራ ውል አልፈርምም፣ ከዚህ ይልቅ ፋብሪካውን እዘጋዋለሁ ብለው ቈርጠው ነበር።

በጁን ወር ግን ውሉ ተፈረመ፤ እንዲያውም ማኅበሩ ከጠበቀው የበለጠ ነገር የያዘ ነበር። ሰው ሁሉ የአሳባቸው መለወጥ ከየት እንደ መጣ ሲደነቅ ቆየ። ለብዙ ዘመን የፋብሪካው ሹም የነበሩት ቻርልስ ሶረንሰን በ1956 ዓ.ም. ባወጡት የማስታወሻ መጽሐፍ ነገሩን ከራሳቸው ከሚስተር ፎርድ አፍ እንደ ሰሙት ይተርካሉ። ሚስተር ፎርድ በዚያች ምሽት ወደ ቤታቸው ገብተው ፋብሪካውን እንደሚዘጉ ለባለቤታቸው ለወይዘሮ ክላራ ነገሯቸው። ወይዘሮ ክላራም ሁከትና ደም መፋሰስ ይመጣል ብለው እጅግ ተጨነቁ፤ ውሉን ካልፈረሙ ቤታቸውን ትተው እንደሚሄዱ ነገሯቸው። ባልና ሚስቱ በዚያ ጊዜ 53 ዓመት አብረው ኖረዋል። ሚስተር ፎርድም ሊከራከሩ አልሞከሩም፤ በማግሥቱ ውሉ ይፈረም ሲሉ አዘዙ።